የአፈር ውኃ መቼ ያልቃል? የስርጸት ሂደት በሀብሩ የማሽላ ማሳ

በሀብሩ ወረዳ ስለ ክረምቱ የተጠየቀ ገበሬ የወቅቱን ድምር ዝናብ በመናገር አይጀምርም። ዝናቡ መቼ እንደገባ፣ በሐምሌ መካከል ስንት ቀን እንደተቋረጠ፣ በመስከረም መጀመሪያ ማሽላው ሲያብብ ጥሎ እንደሄደ ወይም እንደቆየ ይናገራል። የሜትሮሎጂ ሠንጠረዥ ግን በአብዛኛው የሚያቀርብልን የወሩንና የወቅቱን ድምር፣ ከዚያም የብዙ ዓመታትን አማካይ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የገበሬው አነጋገር በሒሳብ ቋንቋ ሲገለጥ ምን መልክ እንደሚይዝ ይመረምራል። ጥያቄው የሚከተለው ነው፤ በአፈሩ ውስጥ የተከማቸው ውኃ ሰብሉ ከሚጠወልግበት ወለል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚደርሰው መቼ ነው? በስቶካስቲክ ትንተና ይህ ዓይነቱ ጥያቄ የመጀመሪያ መድረሻ ጊዜ ጥያቄ ይባላል። መልሱም ድምሩ አንድ ዓይነት የሆነ ዝናብ በሁለት ማሳዎች ላይ እጅግ የተለያየ ውጤት ሊያስከትል እንደሚችል ያሳያል።

የወረዳው ዋና ከተማ መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ መርሳ ከእርሷ ዝቅ ትላለች፤ ከመርሳ ወደ ምሥራቅ መሬቱ ይበልጥ እየሞቀና እየደረቀ ወደ አፋር ክልል ይወርዳል። ስለዚህ በአጭር ርቀት ውስጥ የሰብል የውኃ ፍላጎት በጉልህ ይለዋወጣል። አካባቢው በልግና ክረምት የተባሉ ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉት፤ የሁለቱም መዋዠቅ የታወቀ ነው። ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ያየችውን ረኃብ የሚያስታውስ አንባቢ የጉዳዩን ክብደት ለማወቅ ቀመር አያስፈልገውም። በዚያው በሀብሩ የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም የእርጥበት እጥረት ላለባቸው አካባቢዎች የሚስማሙ የማሽላ ዝርያዎችን ሲያወጣ የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው።

አፈሩን እንደ አንድ ጎተራ እንቁጠረው። የሰብሉ ሥር በሚደርስበት ጥልቀት ውስጥ አፈሩ ለሰብሉ የሚጠቅም ውኃ የሚይዘው እስከ አንድ መጠን ብቻ ነው፤ ይህን አቅም «አ» ብለን እንሰይመው። ከዚያ በላይ የሚዘንበው በጎርፍ ይሄዳል ወይም ከሥሩ በታች ሰርጎ ይጠፋል። ሰብሉና ትነቱ በየቀኑ የሚወስዱትን «ፍ» እንበለው። ዝናቡ በየቀኑ አይመጣም፤ በአንድ ቀን ውስጥ የሚጠበቀው የዝናብ ቁጥር «ቁ»፣ የአንዱ ዝናብ አማካይ መጠን ደግሞ «መ» ይሁን። የአንዱ ዝናብ መጠን ትናንሾቹ የሚበዙበት፣ ትላልቆቹ የሚያንሱበት የኤክስፖኔንሻል ስርጭት እንዳለው፣ አንዱ ዝናብ ሌላውን እንደማይጠብቅም እናስብ። ይህ ሁለተኛው ግምት ብርቱ ነው፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን። በዚህ ዓይነት የአፈርን እርጥበት በይሆናልነት ሒሳብ መግለጽ አዲስ ነገር አይደለም። ፓትሪክ ሞራን እ.ኤ.አ. በ1954 ለግድቦች ተመሳሳይ ንድፈ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ሮድሪጌዝ ኢቱርቤና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1999 ለአፈር ውኃ ሚዛን ተጠቅመውበታል። እዚህ የሚሠራው ስሌት ከእነርሱ ሞዴል የቀለለ ነው። በተለይም ሰብሉ አፈሩ እየደረቀ ሲሄድ የሚወስደውን ውኃ መቀነሱን ትተነዋል።

ከጎተራው ወደ ስርጸት ሂደት የምንሸጋገረው ሁለት ቁጥሮችን ብቻ በመያዝ ነው። አንደኛው ዝንባሌ ነው፤ በቀን የሚገባው አማካይ ውኃ ከሚወጣው ሲቀነስ፣ «ዝ = ቁ × መ − ፍ»። ሁለተኛው የመዋዠቅ መጠን ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ዝናብ «ዋ = 2 × ቁ × መ²» ይሆናል። ሮበርት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1827 ውኃ ላይ ሲዋልል ያየው ደቃቅ ቅንጣት፣ አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 የመዋለሉን ሕግ ያሰላለት፣ ኖርበርት ዊነር እ.ኤ.አ. በ1923 ጥብቅ የሒሳብ መሠረት የሰጠው እንቅስቃሴ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ እኛ ዘንድ ቅንጣቱ የሚዋልለው በቦታ ሳይሆን በሚሊ ሜትር በሚለካ እርጥበት ላይ ነው። ከላይ «አ» ላይ ሲደርስ እንደ ግድግዳ ይመልሰዋል፤ ከታች ዜሮ ላይ ሲደርስ ጉዞው ያበቃል።

አንድሬ ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳየው መንገድ አማካዩን የመድረሻ ጊዜ ለማግኘት ብዙ ሺህ የዝናብ ታሪኮችን በኮምፒውተር ማስመሰል አያስፈልግም። ጊዜው የመነሻው እርጥበት ፋንክሽን ነው፤ ፋንክሽኑም አንድ ተራ ዲፈረንሻል እኩልዮሽና ሁለት የወሰን ሁኔታዎች ያሟላል፤ በዜሮ ላይ ዜሮ መሆን፣ በ«አ» ላይ ተዳፋት አልባ መሆን። ዝንባሌው ዜሮ ሲሆን፣ ማለትም አማካዩ ዝናብ የሰብሉን ፍላጎት በልክ ሲሸፍን፣ ከእርጥበት «እ» የተነሣ ማሳ አማካይ ጊዜ

(2 × አ × እ − እ²) ÷ ዋ

ነው። ሞልቶ ለተነሣ ማሳ ይህ ወደ «አ² ÷ ዋ» ያጥራል።

አሁን ቁጥር እናስገባ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተመረጡ እንጂ ከአንድ ጣቢያ የተወሰዱ ልኬቶች አይደሉም። አፈሩ 100 ሚሊ ሜትር ይይዛል፤ ሰብሉ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። በአንደኛው ማሳ በ10 ቀን በአማካይ 4 ጊዜ ይዘንባል፤ የአንዱ ዝናብ አማካይ 10 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለተኛው ማሳ በ10 ቀን በአማካይ 2 ጊዜ ብቻ ይዘንባል፤ አንዱ ግን በአማካይ 20 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱም ዘንድ አማካዩ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የወቅቱ ድምር በሠንጠረዥ ላይ አንድ ይሆናል። የመዋዠቁ መጠን ግን በአንደኛው 80፣ በሁለተኛው 160 ነው። በመሆኑም አንደኛው በአማካይ 125 ቀን፣ ሁለተኛው 62 ቀን ተኩል ይቆያል። ዝናቡ እየራቀና እየበረታ በሄደ ቁጥር፣ ድምሩ ሳይነካ፣ የማሳው ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ዝናብን በድምር ብቻ የሚመዝን የመድን ውል ወይም የማስጠንቀቂያ ሥርዓት እነዚህን ሁለት ማሳዎች መለየት አይችልም።

እዚህ ላይ የስርጸቱን ግምታዊነት መፈተን ተገቢ ነው፤ ደግነቱ የተመረጠው የዝናብ ስርጭት ትክክለኛውን መልስ በእጅ ለማስላት ያስችላል። ዝናቡ በድንገት እየዘለለ የሚገባ፣ በመካከሉ እርጥበቱ ቀጥ ባለ መስመር የሚወርድ መሆኑን ጠብቀን እኩልዮሹን ስንፈታ፣ ዝንባሌው ዜሮ ሲሆን ትክክለኛው አማካይ

አ² ÷ ዋ + አ ÷ ፍ

ሆኖ ይወጣል። የስርጸቱ መልስ የሚጎድለው በትክክል «አ ÷ ፍ» ነው፤ ይህም ጠብታ ሳይዘንብ የሞላው አፈር እስኪደርቅ የሚወስደው ጊዜ፣ በምሳሌያችን 25 ቀን ነው። ስለዚህ ትክክለኛዎቹ ቁጥሮች 150 እና 87 ቀን ተኩል ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ስርጸት በቅጽበት ውስጥ ወደ ላይም ወደ ታችም ይንቀጠቀጣል፣ ወለሉ አጠገብ የደረሰም ወዲያው ይነካዋል፤ እውነተኛው አፈር ግን በቀን ከ«ፍ» በላይ ሊወርድ አይችልም። ጥልቅ አፈር ላይ ስሕተቱ ከጠቅላላው አንጻር ያንሳል። 50 ሚሊ ሜትር ብቻ በሚይዝ ስስ አፈር ላይ ግን፣ ዝናቡ የሁለተኛው ማሳ ዓይነት ከሆነ፣ ስርጸቱ 16 ቀን ሲል ትክክለኛው 28 ነው፤ በዚህ ጊዜ ስርጸቱን መጠቀም አይመከርም። በተዳፋት ላይ አፈሩ የተሸረሸረበት የሀብሩ ማሳ ጥቂት አይደለምና ይህ ማስጠንቀቂያ ለይስሙላ የተጻፈ አይደለም።

የበለጠ ፍሬ ያለው ውጤት የሚታየው ዝንባሌው ከዜሮ ሲርቅ ነው። ያኔ ሞልቶ የተነሣው ማሳ አማካይ ጊዜ በስርጸቱ ስሌት

(ዋ ÷ 2ዝ²) × (ኤ^ቀ − 1) − አ ÷ ዝ

ይሆናል፤ እዚህ ላይ «ቀ = 2 × ዝ × አ ÷ ዋ»፣ «ኤ» ደግሞ 2.718 የሚጀምረው የተፈጥሮ ሎጋሪዝም መሠረት ነው። ዝናቡን የአንደኛው ማሳ እንደሆነ እንያዘውና ሦስት ማሳዎችን በከፍታ እንደርድር። በወልድያ ዙሪያ እንዳለው ቀዝቀዝ ያለ መሬት ሰብሉ በቀን 3 ሚሊ ሜትር፣ በመርሳ ዙሪያ 4፣ ከመርሳ በስተምሥራቅ ባለው ቆላ 5 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል እንበል። ዝንባሌዎቹ በቅደም ተከተል በቀን 1 ሚሊ ሜትር ትርፍ፣ ዜሮ፣ 1 ሚሊ ሜትር ጉድለት ይሆናሉ። አቅሙ 100 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጊዜዎቹ 347፣ 125 እና 63 ቀን ናቸው። አሁን በእርከን፣ በፍግና ውኃ በሚያስቀር አስተራረስ የአፈሩን አቅም ወደ 200 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ተቻለ እንበል። በቀዝቃዛው መሬት ጊዜው ከ16 እጥፍ በላይ ያድግና ከ5600 ቀን ይበልጣል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር በተግባር «በወቅቱ ውስጥ አይደርቅም» ማለት ብቻ ነው። በመርሳ 500 ቀን፣ ማለትም 4 እጥፍ ይሆናል። በቆላው 160 ቀን ይሆናል፤ ከ2 እጥፍ ተኩል ብዙ አይበልጥም።

ስለዚህ አንድ ዓይነት የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ በሦስቱ ቦታዎች ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሠራል። ዝንባሌው ትርፍ በሆነበት ጥቅሙ በኤክስፖኔንሻል ፍጥነት ያድጋል፤ ዜሮ በሆነበት በአቅሙ ካሬ፤ ጉድለት በሆነበት ግን፣ አቅሙ በሰፋ ቁጥር፣ በቀጥታ ወደ ማደግ ይጠጋል። በቆላው ዕርምጃው ከንቱ ነው ለማለት አይደለም፤ 63 ቀን የሚቆይ ማሳ 160 ቀን ቢቆይ ለባለቤቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እዚያ ፍላጎቱንና ጊዜውን መቀነስ፣ ማለትም ፈጥኖ የሚደርስ ዝርያ መዝራት፣ ጎተራውን ከማስፋት ጋር እኩል ሊመዘን ይገባዋል። በእኔ እምነት የጥበቃ ሥራን በተሠራው እርከን ርዝመት ብቻ መለካት ይህን ልዩነት ይደብቃል።

ሌላው ጉዳይ የመነሻው እርጥበት ነው። በልግ ሲጠፋ ማሳው ክረምቱን ግማሽ ሞልቶ ሊጀምር ይችላል። ከላይ ባየነው ቀመር 50 ሚሊ ሜትር ይዞ የተነሣ ማሳ በአማካይ 93 ቀን ከሦስት ሩብ ይቆያል፤ ግማሽ ውኃ የሦስት ሩብ ጊዜ ይሰጣል። ቀመሩ ወለሉ አጠገብ ቁልቁል፣ አናቱ አጠገብ ለጥ ያለ በመሆኑ የውኃ ዋጋ ቋሚ አይደለም። ይህን ለመስኖ ተራ ብንጠቀምበት ውጤቱ አስገራሚ ነው። በመርሳ አካባቢ ወንዝ በተራ ከሚጠጣ ማሳ ለአንዱ 10 ሚሊ ሜትር ውኃ ተሰጠው እንበል። ማሳው 80 ሚሊ ሜትር ይዞ ከነበረ ጊዜው ከ120 ወደ 123 ቀን ከሦስት ሩብ ከፍ ይላል፤ 4 ቀን እንኳ አልሞላም። 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶት ከነበረ ግን ከ23 ቀን ከሦስት ሩብ ወደ 45 ቀን ይዘላል፤ ከ21 ቀን በላይ ተገኘ። ትክክለኛው ስሌት በሁለቱም ላይ 2 ቀን ተኩል ይጨምራል እንጂ ሚዛኑን አይገለብጠውም። ተራው በቀን መቁጠሪያ ብቻ ሲዞር የሚባክነው ይህ ልዩነት ነው። የውኃ አባት የሆነ ሰው ተራን አሳልፎ ለጠማው ማሳ ቅድሚያ ሲሰጥ ከርኅራኄ በተጨማሪ ጥሩ ሒሳብ እየሠራ ነው። በሌላ በኩል ሰብል ከመጠውለጉ በፊት ምርቱ መቀነስ ይጀምራልና እስከ 10 ሚሊ ሜትር ድረስ መጠበቅን ቀመሩ እንደሚመክር አድርጎ መውሰድ ስሕተት ይሆናል።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ አማካይ ጊዜ ነው። የአንድ ቤተሰብ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ «ማሽላው እስኪያሽት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አፈሩ አንዴም የማይደርቅበት ዕድል ስንት ነው?» አማካዩ 125 ቀን የሆነው ማሳ 90 ቀንን በቀላሉ የሚሻገር ይመስላል። የመድረሻ ጊዜው ስርጭት ግን ወደ ቀኝ የተለጠጠ ነው፤ ጥቂት በጣም ረጃጅም ጊዜያት አማካዩን ከፍ ያደርጉታል። ይሆናልነቱን በተከታታይ ድምር ስናሰላ፣ 100 ሚሊ ሜትር ሞልቶ የተነሣው አንደኛው ማሳ 90 ቀን ሳይደርቅ የመቆየት ዕድሉ 52 ከመቶ ብቻ ነው። ዝናቡ ራቅ ራቅ እያለ በሚበረታበት በሁለተኛው ማሳ 22 ከመቶ ይሆናል። አቅሙ ወደ 200 ሚሊ ሜትር ቢያድግ የመጀመሪያው ወደ 96፣ ሁለተኛው ወደ 81 ከመቶ ይወጣሉ። እነዚህ የስርጸት ግምቶች ናቸው፤ እንዳየነው ግምቱ አማካዩን ጊዜ ያሳጥራል፣ በተለይ በሁለተኛው ማሳ። ቢሆንም ስለ አማካይ 125 ቀን የተነገረው ሰው ከሁለት ወቅት በአንዱ ገደማ ማሳው እንደሚደርቅበት አልተነገረውም።

አሁን ወደ ብርቱው ግምት እንመለስ። አንዱ ዝናብ ከሌላው ጋር እንደማይያያዝ ወስነን ነበር። የሀይድሮሎጂ ሊቁ ሃሮልድ ኸርስት ዕድሜውን በአባይ ላይ ከሠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረበው ግኝት በዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ያነሣል። የዘፈቀደ ዓመታት ቢሆኑ የወንዙ ክምችት የሚዋዥቅበት ስፋት ከዓመታቱ ቁጥር ካሬ ሥር ጋር ማደግ ነበረበት፤ ማለትም ፓወሩ 0.5 መሆን ነበረበት። ኸርስት ያገኘው ግን ወደ 0.7 የሚጠጋ ነው። ደረቅ ዓመታት በደረቅ፣ እርጥብ ዓመታት በእርጥብ አጠገብ ይሰበሰባሉ። የሀብሩ ወንዞች ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚወርዱ ቢሆኑም፣ ከሰሜን ወሎ ምዕራባዊ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ የአባይ ገባር ነው፤ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በአንድ ዓመት ውስጥም ዝናቡ የባሕር ሙቀትን ይከተላል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የኤልኒኞ ክስተት ክረምቱ ሲዳከም አካባቢው በድርቅ ከተመቱት አንዱ ነበር። ስለዚህ «ቁ» ራሱ ከዓመት ዓመት የሚለዋወጥ ቁጥር ነው።

ይህን በቀላሉ ለማስገባት ዓመታቱን እኩል ዕድል ባላቸው ሁለት ዓይነቶች እንክፈላቸው። በደጉ ዓመት በ10 ቀን 5 ጊዜ፣ በክፉው 3 ጊዜ ይዘንባል፤ የአንዱ ዝናብ አማካይ በሁለቱም 10 ሚሊ ሜትር፣ ፍላጎቱም 4 ሚሊ ሜትር ነው። የሁለቱ ዓመታት አማካይ ዝናብ ከመጀመሪያው ማሳችን ጋር አንድ ነው። በደጉ ዓመት ዝንባሌው 1 ሚሊ ሜትር ትርፍ፣ መዋዠቁ 100 ሆኖ አማካዩ ጊዜ 219 ቀን ይወጣል፤ በክፉው ዝንባሌው 1 ሚሊ ሜትር ጉድለት፣ መዋዠቁ 60 ሆኖ 71 ቀን። የሁለቱ አማካይ 145 ቀን ነው፤ ሁልጊዜ መካከለኛ ከሆነው ዓመት 125 ቀን በልጦ ይታያል። የዓመታቱ መለዋወጥ ሁኔታውን ያሻሻለ ይመስላል፤ ሆኖም 145 ቀን የሚቆይ ክረምት በዚህ ሞዴል ውስጥ የትኛውንም ዓመት አይወክልም፤ ዘርም ብድርም የሚታሰበው በ71ዱ ቀን ዓመት ላይ ነው።

ለሀብሩ እውነተኛ ስሌት ለመሥራት ከዕለታዊ የዝናብ መዝገብ የሚፈለጉት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ በየዓመቱ የዘነበባቸው ቀናት ብዛትና በዘነበበት ቀን የወረደው አማካይ መጠን። ሁለቱም ለበልግና ለክረምት፣ ደግሞም ለደጉና ለክፉው ዓመት ተለይተው ሊሰሉ ይገባል። የአፈሩ አቅም ደግሞ በመርሳ ሜዳና በተዳፋቱ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ የሚለካ ነው።